የአቶ ኢያሱ ደብተር

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት አጎቴ ከእንግሊዝኛ እየተረጎመ ከሚያነብልን መጽሐፍ ነበር። አጎቴ ጋሼ ተፈራ ኮተቤ ያስተምር ነበር። መጽሐፉን የጻፈችው ሴት ደግሞ አሜሪካን አገር ነጮች ሳይመጡ በፊት ከነበሩት ነባር ሕዝቦች የተወለደች ናት፤ የአያቶቿን ተረት፣ መሬታቸው እንዴት እንደተነጠቀና ልጆቻቸው እንዴት ከናታቸው ጉያ ተወስደው አዳሪ ትምህርት ቤት እንደገቡ ታወራለች። ዘመኑ የደርግ ነው። ያኔ አሜሪካ የታተመ መጽሐፍ ይዞ፣ ሰው ሰብስቦ ማንበብ ምንም ይበል ምን ያሳስራል። ስለዚህ መጽሐፉ በጋዜጣ ተለብዷል፤ አብዮት ጥበቃ ድንገት ቢገባ ኮንከር የምንጫወት እንድንመስልም ጠረጴዛው ላይ ካርታ ይበተናል።

ቤታችን የካ፣ ተራራው ሥር ነበር። እሑድ እሑድ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር ይገባል፤ እማዬ ማንደጃውን መሃል ታደርጋለች፤ መብራት ከጠፋም ፋኖስ ይለኮስና ጭሱ ከባሕር ዛፉ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ዓይኔን ይቆጠቁጠኛል። ሰሚዎቹ እማዬ፣ ባለሱቋ ወይዘሮ ዘይነባና የከባድ መኪና ሾፌሩ ጋሽ በቀለ ነበሩ። አጎቴ አንድ ምዕራፍ ሲጨርስ መነጽሩን ያወልቅና «እሺ፣ ምን ተሰማችሁ?» ይላል። ሁሉም በየተራው መናገር አለበት፤ ሕጉ ይኸው ነበር። ወይዘሮ ዘይነባ «ይቺ ሴትዮ የኔን አያት የት አገኘቻት?» ብለው ሲደነቁ ትዝ ይለኛል። ጋሽ በቀለ ሁሉን በሚያታልለው የተረቱ ቀበሮ አይደነቁም፤ «መርካቶ ቢመጣ በግማሽ ቀን ካልሲውን ሳይቀር ያወልቁት ነበር» ይላሉ።

ይኼ ሁሉ ጨዋታ አቶ ኢያሱ እስኪመጣ ድረስ ነው። አቶ ኢያሱ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት የተከራየ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። አገሩን ሲጠይቁት «ወዲያ ነው፣ ሩቅ» ከማለት አያልፍም። ንባቡን ከእሱ ልንሸሽግ አልቻልንም። አጎቴ «ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ውጭ ሆኖ ከሚያዳምጠን ገብቶ ዓይናችን ሥር ይቀመጥ» አለና አስጠራው። መጣ፤ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠ፤ ትንሽ ደብተር አወጣና አጎቴ ሲያነብ እሱ ይጽፍ ጀመር። ሰው ሲናገርም ይጽፋል። «እርስዎስ ምን ተሰማዎት?» ሲባል «ገና እያሰብኩ ነው» ይላል።

ከዚያ ወዲህ ማንም የተሰማውን አልተናገረም። ወይዘሮ ዘይነባ የቀበሮውን ተረት ሰምተው «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» አሉ። እውነተኛው አስተያየት ወደ ግቢው በር ዞረ፤ እዚያ ሲሸኛኙ ይንሾካሾካሉ። እኔም ሰውየውን ስከታተለው እውላለሁ፤ ስንት ሰዓት ገባ፣ ማን አናገረው፣ ሻማው እስከ ስንት በራ፣ ሁሉን ለእማዬ እነግራለሁ። ጆሮ ጠቢ የሆንኩት እኔ ነበርኩ፤ ያኔ ግን አልታየኝም።

አንድ እሑድ አጎቴ የአዳሪ ትምህርት ቤቱን ምዕራፍ አነበበ። በናታቸው ቋንቋ ሲያወሩ የተገኙ ልጆች አፋቸው በሳሙና ይታጠባል። ወይዘሮ ዘይነባ በሻርፓቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ። እማዬ አለቀሰች፤ እኔም ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አቶ ኢያሱ በድንገት ተነሥቶ ወጣ፤ ግቢ ውስጥ የቧንቧው ውሃ ሲከፈት ተሰማ። ደብተሩ ዱካው ላይ ቀርቷል። እማዬ በዓይኗ ጠቀሰችኝና አንሥቼ ሰጠኋት።

ጽሑፉ የኛው ፊደል ነው፤ እያንዳንዱ ሆሄ ይነበባል፤ ግን አንድም ቃል አይገባም። በመሃሉ ደግሞ «ተፈራ»፣ «ዘይነባ»፣ «በቀለ» የሚል አለ።

«ኮድ ነው!» አሉ ጋሽ በቀለ በሹክሹክታ። «ሁላችንንም ጽፎናል።»

«ቆይ እስቲ፣ ቋንቋ ቢሆንስ?» አለ አጎቴ።

«ቋንቋ ቢሆንማ አንተ መምህሩ ታውቀው ነበር» አለችና እማዬ ደብተሩን ፍሙ ላይ አደረገችው። በማራገቢያ ያራገብኩት እኔ ነኝ።

አቶ ኢያሱ ፊቱን ታጥቦ ሲመለስ ሁላችንም ካርታ ይዘናል። ዱካውን አየ፤ ከሥሩ ፈለገ። «ደብተሬን ያያችሁልኝ አለ?» አለ።

«የምን ደብተር?» አለች እማዬ።

ማንደጃውን ሲያይ አየሁት። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠና ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ።

«ተራዬ ከሆነ እኔም የተሰማኝን ልናገር። እናቴ በከምባትኛ ብዙ ተረት ትነግረኝ ነበር። አምና አረፈች። ይቺ ሴትዮ የአያቶቿን ከጻፈች እኔስ ብዬ ነው የጀመርኩት። እናንተ የምትሉት ደስ ስለሚለኝ እሱንም ከጎኑ አስቀምጥ ነበር።»

ጋሽ በቀለ «ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉ፣ ፈገግ ብለው። ሰውየው ወደ ክፍሉ ሲገባ ግን «አያችሁ? እንዴት አድርገው እንደሚያሠለጥኗቸው!» አሉን።

አጎቴ ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ይዞ አልመጣም። የሚይዘን ሰው ስንጠብቅ ሳምንታት አለፉ፤ ማንም አልመጣም። እማዬ ለዚህም መልስ ነበራት፤ «ማስረጃው ስለተቃጠለበት ነው» ትል ነበር። እኔም አመንኳት። አቶ ኢያሱ ወሩ ሲያልቅ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ወደ ካራ ሄደ፤ ሲሰናበተኝ እጁን ለመጨበጥ ፈራሁ።

አሁን ልጆች ወልጃለሁ። ያቺ ሴት የጻፈችውን የቀበሮ ተረት ሳልሳሳት እነግራቸዋለሁ፤ ይስቃሉ፤ ድገሚልን ይላሉ። የአቶ ኢያሱን እናት ተረት ግን አንዱንም አላውቀውም። ያን እሑድ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ እንኳ ለረጅም ጊዜ አብሮን ተቀምጦ ነበር፤ ያ ሁሉ ሰው ተረት ሊሰማ ተሰብስቦ ሳለ «እስቲ አንዱን ንገሩን» ያለው አልነበረም።