ድሬሰሩ ገብርኤልን ሊያነግሥ የወጣ ቀን

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ አብራኝ የምትሠራው ማርታ፣ ከሆንዱራስ ገጠር የመጣችው፣ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ቪዲዮው ላይ አራት ወንዶች ምጥ የያዛትን እህቷን እንጨት ላይ ባንጠለጠሉት መረብ ተሸክመው ጭቃ ለጭቃ ይሄዳሉ። ክሊኒኩ ግን ተቆልፏል፤ ነርሷ የምትመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ንድድ አለኝ፤ ምጥ ቀን ጠይቆ ይመጣል እንዴ?

እኛም አገር የቃሬዛ ማኅበር ነበረን፤ በሽተኛ የሚሸከመው በተራ ነው፣ ተራውን ያጓደለን ሰው ጎረቤት አያናግረውም። እናቴ ምጥ የጠናባት የቀበሌያችን ገብርኤል በሚነግሥበት ዕለት ስለነበር ባለተራዎቹ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ተጠርተው መጡ። እኔም በስምንት ዓመቴ ተመለሺ ብባል አሻፈረኝ ብዬ፣ ወንዝ ወንዙን በሚወርደው መንገድ ግማሽ ቀን ሙሉ እያለቀስኩ ተከተልኳቸው። ጤና ጣቢያው ስንደርስ ያገኘነው ዘበኛውን ብቻ ነው።

«ድሬሰሩማ እናንተው ጋ ሄደ፤ በላይኛው መንገድ፣ ገብርኤልን ሊያነግሥ» አለን።

ለዚያ ሁሉ አገር ያለው አንድ መርፌ ወጊ፣ እኛ ስንወርድ እሱ ወጣ! ያውም «እንዳትቀርብን» ብሎ የጠራው አባቴ ራሱ ነው፤ በድንጋጤ መጥራቱን ረስቶት። ሸካሚዎቹ እናቴን መሬት አስቀምጠው ማን ይሂድ በሚል «አንተ ነህ፣ አንተ ነህ» ሲባባሉ ቆዩና በመጨረሻ አንዱ ሊጠራው ሮጠ። ድሬሰሩ ጠላ ጠላ እየሸተተ፣ እያለከለከ ደረሰ። እናቴን አተረፋት፤ ለሕፃኗ ግን አልደረሰላትም።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሁሉም «የእግዜር ፈቃድ ነው» ብሎ አርፎ ተቀመጠ፤ ሁለተኛ ሰው ይቀጠርልን ብሎ የጮኸ አንድም አልነበረም። እናቴ ግን ስንት ወለድሽ ሲሏት እስክትሞት ድረስ «አምስት» ነበር የምትለው፤ እኛ አራት ነን።

ይህን ለማርታ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ስነግራት፣ እናቴ ሴት ልጅ ወልዳ ተረፈች እስከሚለው ደርሼ እዚያው ላይ አቆምኩ። ማርታ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል «ቤቢዋስ?» አለችኝ።

«ደህና ናት» አልኳት። «እዚሁ ቅርብ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው፤ ልጆችም አሏት።»