አባቴ የተሸከሙት ድንጋይ

በ2008 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደብረ ብርሃን ላይ አድማ ነበር። ትልቁ ልጄ «አድማ ጥሶ ሠራ» ብሎ የጎረቤታችንን ባጃጅ የፊት መስታወት በድንጋይ ሰበረ።

«ሰው አልነካሁም፤ መስታወት ነው» አለ።

አባቴ የተሰበረ ነገር ባዩ ቁጥር «የማን እንጀራ ነበር?» ይሉ ነበር። ያን ቀንም ጠየቁት። «የጎረቤታችን» አለ ልጄ።

«እንግዲያው ሰው ነክተሃል። ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ጠይቅ።»

«አባባ፣ ድንጋይ የሚሸከመው እኮ ደም ያፈሰሰ ነው!»

አባቴ አልተከራከሩም። ከደጅ ድንጋይ አንስተው ማጅራታቸው ላይ አደረጉና እያነከሱ ወጡ። ልጄ ደንግጦ ተከተላቸው፤ የጎረቤታችን በር ላይ ሲደርሱ ተቀብሎ ራሱ ተሸከመው።

ጎረቤታችን እየሮጠ መጣ። «አውርደው እባክህ! ለመስታወቱስ ይቅር ብዬሃለሁ፤ አባባን ድንጋይ ያሸከምክበትን ግን እንጃ!»

አባቴ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ዘንድሮ ዐረፉ። ቤታችን ውስጥ ዕቃ ሲሰበር አሁን የሚጠይቀን የለም፤ እኛው እርስ በርሳችን እንተያያለን። እኔ ግን ሳስባቸው የሚመጣልኝ ያ ሳቅ ነው፤ ተመስገን።

ከዚያ ይቅርታ ማግስት፣ ጠዋት፣ ጎረቤታችን በሚነዳው መስታወት በሌለው ባጃጅ አባቴን ከጎኔ አስቀምጬ ኪዳን ላደርስ ሄድኩ፤ ብርዱ ፊታችንን እየገረፈን፣ ሁለታችንም እየሳቅን።