ጋሽ ታፈሰ ሜጋፎኑን ያስታቀፉኝ ዕለት

ወገኖቼ፣ በታላቅ ሐዘን የማሳውቃችሁ ከባድ ዜና አለ፦ ዛሬ ጋሽ ታፈሰ በጨዋታ መሀል ዝም አሉ!

ለማታውቋቸው፣ አዲስ አበባ የሰፈር ቡድኖችን መጀመሪያ ያደራጁ፣ ስለ ኳስ መጻፍ እንግዳ በነበረበት ዘመን ጋዜጣ ላይ የጻፉ ሰው ናቸው። ቶሮንቶም መጥተው አላረፉም። ጨዋታችንን በሜጋፎን ያስተላልፋሉ፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ዘገባቸውን ፎቶ ኮፒ አድርገው ያድሉናል።

ዛሬ እኛ የሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር ልጆች ከጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ጋር ዜሮ ለዜሮ ነን። በመጨረሻዋ ደቂቃ ፔናሊቲ አገኘን። መቺው የሳቸው ልጅ ዳዊት ነው።

ሜጋፎኑን አስታቀፉኝና ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጡ። "የልጄን ምት አልዘግብም፣ አዳላለሁ" አሉ። (ሜጋፎኑን የሰጡት ከስምንተኛ ክፍል ላቋረጥኩት ለእኔ ነው፣ ጉድ በሉ!)

ሳይመታ "ጎል!" ብዬ ላስደነግጣቸው አስቤ ነበር። ማተባቸውን ጨብጠው ሲጠብቁ አየሁና ተውኩት።

ዳዊት መታ። ኳሷ አግዳሚውን ገጭታ ወጣች።

ሜጋፎኑን ዝቅ አደረግኩ።

"ምን ሆነ?" አሉ ሳይዞሩ።

"ተሳተ፣ ጋሼ።"

"ማን ሳተ? የሌላው ልጅ ቢሆን ስሙን ትጠራ የለ? ጥራ!"

"ዳዊት ታፈሰ ሳተ" አልኩ በሜጋፎኑ።

"እንዲህ ነው ዘገባ" ብለው ሜጋፎኑን ቀሙኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ዋንጫም የለ፣ ምንም የለ። የተጫወትነው ለአንድ ካርቶን ለስላሳ ነው። እሱንም ዳዊት ከሁላችን አብልጦ ጠጣው።

አባታችሁ ቆመው እያዩ እግራችሁ የከዳችሁ፣ እስቲ አውሩን!