«ስምሽን ቀይሪ» ያላት አነቃቂ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን አንዱ በስልኩ «አስተሳሰብህን ቀይር፣ ሕይወትህ ይቀየራል» የሚል ሰው ሲከፍት ተነሥቼ እወጣለሁ። ለምን እንደሆነ ይጠይቁኛል። አንዳንዶቹ ቅናት ይመስላቸዋል። አንዴ በደንብ ልናገረውና ይውጣልኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ተወልጄ ያደግሁት ጋምቤላ ከተማ ነው። አፌን የፈታሁት በኑዌር ነው፤ አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤትና ባሮ ዳር ከደገኛ ልጆች ጋር ኳስ ስጫወት ነው። ስለዚህ ጽሑፌ ላይ ስሕተት ብታገኙ አትፍረዱብኝ። በእነዚህ ሁለት ቋንቋዎች ነው የምኖረው፤ ኩሌ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ጣቢያ ውስጥ በሚሠራ ድርጅት አስተርጓሚ ነኝ።

ያን ሰሞን መሥሪያ ቤታችን ከአዲስ አበባ አንድ አነቃቂ ተናጋሪ አስመጣ። ለስደተኞቹ የሚታደለው የእህል ራሽን የተቀነሰበት ጊዜ ነበር፤ ሰዉ ከፍቶታል። ራሽኑን የሚመልስ ሰው ሲጠፋ ተስፋ የሚያድል ሰው ተፈለገ መሰለኝ። አስተባባሪያችን አቶ ታደለ ጠራኝና «ትልቅ ሰው ነው፣ ቃል በቃል እንድትተረጉምለት» አለኝ። ኮንትራቴ የሚታደስበት ወቅት ስለነበር «እሺ» አልኩ።

ሰውየው ጋቢና ተቀምጦ ኢታንግን እስክናልፍ ድረስ ስለ ራሱ ሲያወራ ነበር። ከምን ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፣ በስንት አዳራሽ ስንት ሰው እንዳስለቀሰ። ጠባብ ኮትና ሹል ጫማ አድርጓል። ሾፌሩ «ኮቱን ቢያወልቁት፣ ሙቀቱ ይከብዳል» ሲለው፣ «ሙቀት ያለው አእምሮ ውስጥ ነው» አለው። እዚያ ስንደርስ ግን መጀመሪያ የጠየቀው ቬንትሌተር የት እንዳለ ነው። በጄኔሬተር የሚሠራውን አንዱን ቬንትሌተር ወደ ራሱ አዙሮ እዚያው ፊቱ ቆመ፤ ንግግሩን እስኪጨርስ ከዚያ አልተነቃነቀም።

አዳራሹ ከቆርቆሮ የተሠራ ነው። የጣቢያው ሴቶች ከጠዋት ጀምሮ መጥተው ሞልተውታል። ሰውየው ደስ ብሎት «አየህ፣ ሕዝቡ ለለውጥ ተጠምቷል» አለኝ። እኔ ለምን እንደመጡ አውቃለሁ። ራሽኑ ሊመለስ ነው፣ ካልሆነም ሳሙና ይታደላል የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር። አብሮት የመጣው ካሜራ የያዘ ልጅ ፊት ለፊት ቆሞ መቅረጽ ጀመረ።

«እችላለሁ በሉ!» አለ።

ተረጎምኩ። «በአማርኛ ይበሉት፣ ለቪዲዮው ነው» አለኝ። ሴቶቹ «እችላለሁ! እችላለሁ!» እያሉ ጮኹ። አንዲት አሮጊት ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ‹እችላለሁ› የሚሉት ሳሙናውን ነው?» አሉኝ።

ከዚያ ሰውየው ንግግሩን ቀጠለ። ድህነት ምርጫ ነው። ትናንት የለም። ያሰረህ ሰው የለም፣ ያሰርከው ራስህን ነው። ከጦርነት በእግራቸው ሮጠው ለመጡ ሰዎች ነው ይህን የሚለው። የቻልኩትን ያህል አለሳልሼ አለፍኩት። ሰው ሲሰደብ እንደ ሰላምታ አድርጎ መተርጎም በእኛ ሥራ ያለ ነገር ነው።

ቀጥሎ «አንድ ሰው ወደ መድረክ ይምጣ» አለና ከፊት የተቀመጠች ሴት እጅ ይዞ አስነሣ። አውቃታለሁ፤ «ማን ዱዎል» ነው የምትባለው። በእኛ ዘንድ ሴት የምትጠራው በልጇ ስም ነው፤ ማን ዱዎል ማለት የዱዎል እናት ማለት ነው። ዱዎል ድንበር ሊሻገሩ ሲሉ ተኩስ ተከፍቶ፣ ሰው በየጫካው ሲበተን ከእጇ የጠፋ ልጇ ነው። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር፤ አለ ከተባለ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። መሞቱን ያየ የለም፤ መኖሩንም የነገራት የለም።

«እናቴ፣ ስምሽ ማን ነው?» አላት። ነገረችው። ትርጉሙን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ልጁ የት እንዳለም ጠየቀ፤ እሱንም ነገርኩት። ዝም የሚል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ዓይኑ በራ፤ ሲፈልገው የነበረውን ነገር እንዳገኘ ሰው ወደ ካሜራው ዞረ።

«አያችሁ? ይቺ እናት ትናንትን በስሟ ተሸክማ ነው የምትሄደው! ስምሽን ቀይሪ! ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ድል ነው! ማን ዱዎል ሞታለች፣ ድል ተወልዳለች! በላት!»

አልተረጎምኩም።

«በላት እንጂ፣ ወንድሜ።»

«ይሄን አልላትም» አልኩት።

«ሥራህ አይደለም እንዴ?»

«ሥራዬ ነው። ግን ለእናቴ የማልለውን ለእሷም አልላትም።»

አቶ ታደለ ከጎን መጥቶ ክንዴን ያዘና «አንተ ሰው፣ በእንግዳ ፊት አታዋርደን፤ ነገ ስለ ኮንትራትህ እንዳትመጣብኝ» አለኝ በሹክሹክታ። ቤት ውስጥ የሚጠብቁኝ ልጆች አሉኝ። ግን ማን ዱዎል ዓይኗን እኔ ላይ ተክላለች።

«ምን አለ?» አለችኝ በኑዌር።

መዋሸት እችል ነበር። እንዳልዋሽ ያደረገኝ አተያየቷ ነው። «ስምሽን ቀይሪ ነው የሚለው። የዱዎልን ስም ጣይው ይላል» አልኳት።

አልተቆጣችም። ላዋ የምንለውን ጨርቋን ትከሻዋ ላይ አጥብቃ ቋጠረችና፣ ነገር እንዳልገባው ሰው ቀስ ብላ አስረዳችው። «ዱዎል አንድ ቀን ቢመጣ በሩ ላይ የሚጠይቀው ‹ማን ዱዎል የት ናት?› ብሎ ነው። ስሜን ከቀየርኩ ማን ያሳየዋል?»

ይህቺን አንድም ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩለት። ሰውየው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ ገባው ብዬ ነበር።

«በጣም ጥሩ!» አለ። «ይሄ ነው አሳሪ አመለካከት የሚባለው! አጨብጭቡላት!»

ያጨበጨቡት እሱና ባለካሜራው ብቻ ነበሩ። እኔ ማይኩን ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ንቄ አላውቅም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል። ይሄኛው ባዶ ጣሳ ነው፤ ድምፁ ትልቅ፣ ውስጡ ምንም።

«ሌላ አማርኛ የሚችል አለ?» ብሎ ጮኸ።

አዳራሹ ውስጥ አማርኛ የሚችሉ ብዙ ነበሩ። ከኋላ የቆሙት ወጣቶች በየቀኑ ከደገኛ ነጋዴ ጋር በአማርኛ ዋጋ የሚከራከሩ ናቸው። አንዳቸውም እጃቸውን አላወጡም። ደግሞ ጠየቀ። መሬት መሬት አዩ። እኚያ ስለ ሳሙናው የጠየቁኝ አሮጊት ተነሥተው የማን ዱዎልን እጅ ይዘው ወጡ፤ የቀሩትም ልጆቻቸውን እያዘሉ ተከተሏቸው። ከቬንትሌተሩና ከእኛ በቀር የቀረ አልነበረም።

በመልስ መንገድ ሰውየው «ማኅበረሰቡ ገና ዝግጁ አይደለም» አለ። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፈተ።

አቶ ታደለ ለጥቂት ቀናት ከኮረፈኝ በኋላ ቢሮው ጠራኝ። ከሥራ ያሰናብተኛል ብዬ ነበር። «በሩን ዝጋው» አለኝ። «እኔም እናት አለችኝ» አለ ከዘጋሁት በኋላ። ኮንትራቴ ታደሰ፤ ስለ ነገሩ ደግመን አላወራንም።

ያ ሁሉ ተረስቶ ከርሞ፣ አንድ ቀን መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የጋሽ ሙስጠፋ ሱቅ ገባሁ። ጋሽ ሙስጠፋ ከወሎ መጥተው ጋምቤላ ያረጁ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ገና ሲያዩኝ ስልካቸውን አንሥተው «አንተ ጋትዌች፣ ዝነኛ ሆነህ የለም እንዴ! ና እይ፣ እኔን እንኳ አስለቅሶኛል» አሉኝ።

አየሁት። የሚያሳዝን ሙዚቃ አለበት። እኔ ለቅጽበት ጎኔ ይታያል። ከዚያ የማን ዱዎል ፊት ስክሪኑን ሞላው። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅዋ ግን ተቆርጦ ወጥቷል። ከሥር በአማርኛ የተጻፈው «ዛሬ ትናንትን ጥዬ አዲስ ሰው ሆኛለሁ፤ አመሰግናለሁ» ይላል።

«ጋሽ ሙስጠፋ፣ እንዲህ አላለችም» አልኳቸው፤ ያለችውንም ነገርኳቸው።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፉት። «አስተግፊሩላህ» አሉ። «ሴትዮዋ ፊቷ እንዲህ በየስልኩ እንደሚዞር ታውቃለች?» ብለው ጠየቁኝ። አታውቅም ነበር።

በማግሥቱ ኩሌ ስሄድ አሳየኋት። ትናደዳለች፣ «አስወግድልኝ» ትለኛለች ብዬ ምን እንደማደርግ ሳስብ ነበር የሄድኩት። እሷ ግን ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ደጋግማ አየችው።

«ይሄ ሩቅ አገር ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

«ጁባም? ካርቱምም?»

«አዎ።»

«ታዲያ ስሜን የት አደረጉት?»

«ቆርጠውታል» አልኳት። ያኔ ነው መጀመሪያ ስትቆጣ ያየኋት።

እዚያው ኒም ዛፍ ሥር አስቀምጬ በራሴ ስልክ እንደገና ቀረጽኳት። ሙዚቃ የለው፣ ጽሑፍ የለው። ማን ዱዎል መሆኗን፣ ባሏ ማን እንደነበር፣ ከየት መንደር እንደመጣች፣ አሁን ኩሌ እንዳለች በኑዌር በራሷ አንደበት ተናገረች፤ እኔም መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥሬን ጨመርኩበት። ለጓደኞቼ ላክሁት፤ እነሱም ላኩት። ጋሽ ሙስጠፋም አንዲት ቃል ሳይገባቸው ለሚያውቁት ነጋዴ ሁሉ ላኩላት።

በጋው ሲጋመስ ከማላውቀው የውጭ ቁጥር ተደወለልኝ። የወጣት ወንድ ድምፅ ነው። «ዱዎል እባላለሁ፤ እናቴን እየፈለግሁ ነው» አለኝ። ከተማ የያዝኩትን ሥራ ጥዬ ኩሌ ሄድኩና መልሼ ደወልኩለት፤ ስልኩን ማን ዱዎል ጆሮ ላይ አደረግሁት። የአባቱን ስም ጠየቀችው። የመንደሩን ስም ጠየቀችው። ፊቷ ቀስ እያለ ሲወድቅ አየሁ። ሌላ ዱዎል ነበር።

ስልኩን ትመልስልኛለች ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልመለሰችም።

«እናትህ እኔ አይደለሁም» አለችው። «ግን በልተሃል?»

ብዙ አወሩ። የት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚያበስልለት፣ አሞት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። የእሱን እናት ስምና መንደር ተቀብላ፣ ጣቢያው ውስጥ ከዚያ አካባቢ የመጡ ሴቶችን እጠይቅልሃለሁ አለችው። ልጁ በየሰንበቱ ይደውልላታል። እናቱ እስካሁን አልተገኘችም። የእሷም ዱዎል አልተገኘም። እሷ ግን የእሱን እናት ስም ይዛ በየቤቱ እየዞረች ነው።

አነቃቂው አሁንም በየአዳራሹ ይዞራል። ያ ቪዲዮም አለ፤ ሰው እያለቀሰ ያየዋል። እኔ ግን ድምፁን ከሩቅ በሰማሁ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። ተስፋ ምን እንደሆነ ያየሁት በቆሎ እየፈለፈለች ስልክ ከምትጠብቅ ሴት ደጃፍ ላይ ነው፤ ስለ ተስፋ አንድ ቃል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።