ለአባቱ የተሸከመው ድንጋይ

አምና ፋሲካ ካለፈ በኋላ የሆነ ነው። እኔ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። የሰው ወሬ ስሰማ ነው የምውለው፤ ብዙውን ማታ ሱቄን ስዘጋ እረሳዋለሁ። ይሄኛው ግን አልወጣልህ ብሎኛል።

በሰፈራችን ጎዳና የወጡ ልጆችን ሰብስቦ ሙያ የሚያስተምር የወጣቶች ማዕከል አለ። እኔም ሥራ ሲቀዘቅዝ እየሄድኩ ፀጉር መቁረጥ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ ደሳለኝ ነበር፤ የኩታበር ገበሬ ልጅ። የአባቱን በሬ ሰርቆ ሸጦ ደሴ ገባ፤ ገንዘቡን በመጠጥና በጫት ጨረሰው። ወደ እኛ ሲመጣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እንኳን ምላጭ ማንኪያም አይታመንለትም። ኋላ ግን የሚያስቀና ባለሙያ ወጣው።

“ቤተሰቦችህ ጋ መልእክት እንላክ” ስንለው ወይ ፍንክች! “ጋሼ፣ መጀመሪያ ሰው ልሁን። እንዲህ ሆኜ አባዬ ፊት አልቆምም” ይለኛል። የአገሩ ሰው እንዳያየው በገበያ ቀን ከማዕከሉ ግቢ አይወጣም። አገር ቤት ደግሞ ዓረብ አገር ተሻግሯል ተብሎ ይወራ ነበር።

ኮምቦልቻ ፀጉር ቤት ሥራ ሲያገኝ ግን ራሱ መጣ። “አሁን አስታርቁኝ” አለ። ደስታችን! ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች፣ አንድ ቄስና እኔ ነጠላችንን ለብሰን ይዘነው ወጣን። ሚኒባሱ ውስጥ የፀጉር ማሽኑን እቅፍ አድርጎ “የአባዬን ፀጉር እኔ ነኝ የማስተካክለው” ይላል።

“ጆሯቸውን እንዳትቆርጥ፣ ለሁለተኛ ሽምግልና አልመጣም” አልኩት። ሳቀ።

ከመኪና ወርደን በእግር ስንሄድ ከመንገድ ዳር ትልቅ ድንጋይ አነሳና ማጅራቱ ላይ ተሸከመ። በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ እንዲህ ነው፤ ድንጋዩን የሚያወርድለትም የተበደለው ነው። “ገና እኮ ሩቅ ነው” ብለውም አልሰማኝም።

ቤታቸው ሊታይ ሲል ጀሪካን ያዘለች ጎረቤት አገኘችን። ደሳለኝ አንገቱን ደፍቶ ከኋላችን ስለነበር አላየችውም። ቄስና ሽማግሌዎች ተሰብስበው ወደዚያ ቤት ሲሄዱ አይታ ሌላ ምን ታስብ!

“ለአያ ተገኘ ለቅሶ ናችሁ? እግዜር ይስጣችሁ፤ አርባው እንኳ ገና አልደረሰ” አለችን።

 ከኋላዬ “ለአባዬ?” የሚል ድምፅ ሰማሁ።

መርዶ እኮ ወግ አለው! በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ይሄ ልጅ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ድንጋይ እንደተሸከመ፣ መንገድ ላይ ሰማው። ሴትዮዋ ማን እንደሆነ ስታውቅ “ወይኔ ጉዴ! ምላሴን በቆረጠው!” ብላ ጀሪካኑን ጥላ መጮህ ጀመረች።

“አውርደው ልጄ” አልኩት።

“ማን ያወርድልኛል ጋሼ?” አለኝ።

እንደተሸከመ ቤት ደረሰ። እናቱ ጥቁር ለብሰው፣ ራሳቸውን ተላጭተው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ተነስተው ድንጋዩን ሊያወርዱለት ሲታገሉ እሱ አልለቅም አለ። “እማዬ፣ የበደልኩት አባዬን ነው፤ አንቺ አይደለሽም” ይላል።

“አባትህ ቢኖር ገና ከሩቅ ሮጦ ያወርድልህ ነበር” አሉት። “ማታ ማታ ‘በሩን አትቀርቅሪው፣ ልጁ ቢመጣስ’ እያለኝ ነው የሞተው።”

ያኔ ለቀቀው። እኛም አስታራቂ ሆነን ሄደን አልቃሽ ሆነን ዋልን።

ዛሬ ደሳለኝ ኮምቦልቻ እየሠራ እናቱን ይጦራል። ደሴ ብቅ ሲል ፀጉሩን የምቆርጠው እኔ ነኝ። ማጅራቱ ጋ ስደርስ ያ ድንጋይ ትዝ ይለኛል፤ ማሽኑን ቀስ አድርጌ ነው የምነዳው። እሱም ይገባዋል መሰለኝ አንገቱን ዝቅ ያደርግልኛል።

በቀደም ደሳለኝ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ እያለ፣ ከማዕከሉ ሥራ ሊያይ ሱቄ የመጣ አንድ አዲስ ተማሪ “ቤተሰቦቼን ሰው ስሆን አያቸዋለሁ” ሲል ሰማው። ደሳለኝ ፎጣውን ከአንገቱ ገፎ ተነሳ።

“ና፣ አሁን እንሂድ። የት ነው ቤታችሁ?” አለው።

ግማሽ ፀጉሩን ገና አልነካሁትም ነበር። እንደዚያው ሆኖ ልጁን እጁን ይዞት ወጣ። እኔም ማሽኔን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።