ሙግት በቀበሌ አዳራሽ

በደርግ ጊዜ አዋሳ ውስጥ ለመንግሥት ጋዜጣ ዜና እሠራ ነበር። ከታቦር ተራራ ሥር ከተከራየሁት ቤት ፊት ለፊት አንድ የሲዳማ ተወላጅ የልብስ ስፌት ሱቅ ነበረው። ጴንጤ ነው፤ ይጸልይበት የነበረው ቤት ከታሸገ ቆይቷል። ጎረቤቱ ደግሞ ከጎጃም የመጡ ሽማግሌ መሪጌታ ነበሩ። ሁለቱ በሱቁ በራፍ ላይ ስለ ኢየሱስ ሲከራከሩ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያዳምጥ ነበር።

"አንተ ጴንጤ፣ አማላጅ ነው ስትል አምላክነቱን ዝቅ ማድረግህ አይደለም? ፈራጁ ራሱ ማንን ይለምናል?" ይላሉ መሪጌታው።

"በሰውነቱ ነው እኮ የምለው፣ መሪጌታ። እርስዎ ሰው መሆኑን ይረሱታል።"

"እኔ ልርሳ? በዓመት ሠላሳ ሦስት ጊዜ የእናቱን በዓል የማከብረው?"

መሪጌታው ከጉባኤ ቤት ይዘውት የመጡ አንድ ልማድ ነበራቸው። የሰውን ሐሳብ ከመንቀፋቸው በፊት ራሳቸው አሟልተው ይናገሩለታል፤ ባለቤቱ "አዎ፣ የእኔ ነው" ካላለ መልስ አይጀምሩም። በሥራዬ ብዙ ተናጋሪ ሰምቻለሁ፤ ለተቃራኒው ሐሳብ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ግን አላጋጠመኝም።

አንድ ሳምንት የቀበሌው ሊቀመንበር በእሑዱ የውይይት ክበብ እንድገኝ ጠየቀኝ። ዕቅዱን አልደበቀም። መሪጌታው ልብስ ሰፊውን በሕዝብ ፊት ይረቱታል፤ እምነቱ ከውጭ የመጣ መሆኑ ከሌላ ክርስቲያን አፍ ከተሰማ ሱቁ ይወሰዳል፤ ቤቱ የቀበሌ ነውና። ልብስ ሰፊው አምስት ልጆች ነበሩት፤ ከዚያች ሱቅ በቀር ሌላ መተዳደሪያ አልነበረውም።

እሑድ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ውይይቱን ሊመራ የተላከው ካድሬ "ያለ ወንድ የተፀነሰ ልጅ በዓለም ላይ ታይቶ አይታወቅም፤ ተረት ነው" ብሎ ከፈተ። ቀጥሎ "ጓድ መሪጌታ፣ የዚህን ሰው መጤ እምነት ያፍርሱልን" አለ።

መሪጌታው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

"በመጀመሪያ የእሱን ልናገርለት።"

መልአኩ ወደ ድንግሊቱ እንዴት እንደመጣ፣ ያለ ወንድ ዘር እንዴት እንደፀነሰች፣ የተወለደው ሰው ሆኖ ሳለ አምላክ እንደሆነ፣ ሳይቸኩሉ ተናገሩ። በየመሐሉ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረው "እንዲህ ነው የምትለው?" ይሉታል። "ነው፣ መሪጌታ" ይላል። ሰዓቴን አየሁ፤ አርባ ደቂቃ አልፏል።

"ይበቃል! አሁን ያፍርሱት" አለ ካድሬው።

"የቱን? እስካሁን ያልሁትን? ይሄማ የእኔም እምነት ነው። ይህ መጤ ከሆነ እኔም መጤ ነኝ።"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

"ታዲያ ቀኑን ሙሉ የምትጨቃጨቁት በምንድን ነው?" አለ ካድሬው።

"ጓድ፣ እዚያ ገና አልደረስሁም።"

ይኼኔ ልብስ ሰፊው ብድግ አለ። ሽማግሌው ሱቁን ሊያተርፉለት እየጣሩ መሆኑ ሳይገባው የቀረ አይመስለኝም። እምነቱ ጎድሎ ሲነገር ዝም ማለት ግን አልቻለም።

"መሪጌታ፣ አማላጅነቱን እኮ አልነገሩልኝም!"

"ቁጭ በል! ተራህ አይደለም!" ብለው ጮኹበት። ተቀመጠ። እሳቸውም ስለ ልደቱ የተነገሩትን ትንቢቶች ከኢሳይያስ ጀምረው አንድ በአንድ ያትቱ ጀመር። ሰው ለምሳ መውጣት ሲጀምር ሊቀመንበሩ መፈክር አሰምቶ ስብሰባውን ዘጋ።

ስንወጣ ልብስ ሰፊው ፊቱ ጠቁሯል።

"ግማሹን ብቻ ነው የነገሩልኝ" አላቸው።

"ግማሹ ይበቃቸዋል። በቀረው የምረታህ እኔ ነኝ፤ ለእነሱ አላዋስም።"

አራት መስመር ዜና ላክሁ፤ ውይይት መደረጉን ብቻ የሚገልጽ። ሱቁ አልተወሰደም። በዚያ እሑድ ምክንያት ይሁን በሌላ ማረጋገጥ አልቻልሁም። ያየሁትን ግን እመሰክራለሁ፤ ሽማግሌው በዚያ መድረክ ላይ አንድም የማያምኑበት ቃል አልተናገሩም።

ልብስ ሰፊው በማግስቱ ጠዋት ስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ ይሰፋ ነበር። መሪጌታው በበሩ ሲያልፉ ግን ቀና ብሎ አላያቸውም። ሦስት ቀን አኮረፋቸው።