ያማረው ኢሜይል

የአውቶብስ ጋራዡ ሹፌሮች ፈታሿን «ፍሬን» ይሏታል። ፍሬኑ የላላ፣ መሪው የሚንቀጠቀጥ አውቶብስ እሷ እያለች ከግቢው ንቅንቅ አይልም፤ ቢለምኗት አትሰማ፣ ቢቆጧት አትፈራ። ማታ ማታ አውቶብሶቹን ትፈትሽና መውጣት የሌለባቸውን ለስምሪት ክፍሉ በኢሜይል ትልካለች። የአውቶብሱ ቁጥር፣ ነጥብ፣ ከዚያ ሕመሙ። በቃ። ይኸው ስንት ዓመት በዚህ ሲሠራ ማንም አልተጎዳም።

አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣላችሁ! የልጇ እኩያ ነው። «የእርስዎ ኢሜይል ደረቅ ነው፤ ዓይን አይስብም» አላት። ዓይን! አውቶብሱን ሊድረው ነው እንዴ? ከወንበሯ አስነስቷት ብራውዘሯ ላይ ኤክስቴንሽን የሚሉትን፣ ኢሜይል የሚያሳምር ተጨማሪ ፕሮግራም ጫነ። ቃሉን በኮከብ ምልክት ካቀፉት ይደምቃል፣ መስመሩን በሰረዝ ከጀመሩት ዝርዝር ይሆናል፣ እያለ አሳያት። ቅንብሩ ውስጥ ገብቶም «ሲላክ በራሱ ይስተካከል» የሚለውን መረጠ።

«እኔ ሳይጠየቅ የሚያስተካክል ነገር አልወድም» አለችው። ሳቀባት።

ማታ እንደ ልማዷ ጻፈች፦ 9. ፍሬን አይዝም። 4. መሪ። 17. የኋላ በር። ላከችው። ኤክስቴንሽኑ ታዲያ ነጥብ ያለበት ቁጥር ሲያይ ተራ ቁጥር መሰለው፤ ዘጠኝን አንድ፣ አራትን ሁለት፣ አሥራ ሰባትን ሦስት አድርጎ ደረደረው። እሷ ስትልክ ያየችው የራሷን ጽሑፍ ነው። ግልባጩ የደረሰው ሥራ አስኪያጅ ወዲያው መለሰላት፦ «አሁን ገና ኢሜይል መሰለ!»

ጠዋት ስምሪት ክፍሉ ደህናዎቹን አንድን፣ ሁለትንና ሦስትን አቁሞ ዘጠኝን አስወጣ፤ አራትንና አሥራ ሰባትን ለከሰዓት ተራ መደበ። ሹፌሩ ደግሞ ማን ይሁን? ታናሽ ወንድሟ! ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ቢረግጠው ባዶ። እንደ ምንም ከድንጋይ አጥር ጋር አላትሞ አቆመው። ደግነቱ ተሳፋሪ ገና አልጫነም ነበር። ሆስፒታል ስትደርስ እጁ በጀሶ ታስሯል።

«እታለም፣ አንቺ ካልከለከልሽው ደህና ነው ብዬ እኮ ነው» አላት።

እንባዋን ዋጥ አድርጋ ስምሪት ክፍሉ የደረሰውን ኢሜይል አየች፤ ቁጥሮቿ ተቀይረዋል። በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄደች።

«የላኩት እርስዎ ነዎት» አላት ቀና እንኳ ሳይል። «መጀመሪያ ቅድመ እይታውን ማየት ነበረብዎት።»

ደሟ ፈላ። እስከ ዛሬ አንቱ ስትለው የቆየችውን ሰው «አንተ!» ብላ ጮኸችበት። «ቁጥሬን ማን ንካ አለህ? በሰው ነፍስ ላይ ነው ጌጥ የምትለጥፈው? ወንድሜ እኮ እኔን አምኖ ነው የወጣው!»

በሩን በርግዳ ወጣች። ከጋራዡ ነጭ ቀለምና ብሩሽ አንስታ ገና ያልወጣው አራት ቁጥር አውቶብስ ላይ ወጣችና ሹፌሩ ፊት ለፊት፣ መስታወቱ ሙሉ፣ «አይወጣም» ብላ ጻፈች። ቀለሙ እየተንጠባጠበ ወረደ።

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ። «ኧረ መስታወቱን አበላሹት! ያስጠላል!»

«ያስጠላ!» አለችው ከላይ ሆና። «ወንድሜን ሊገድልብኝ የነበረው እኮ ያምር ነበር።»

ወረደችና ብሩሿን ይዛ ወደ አሥራ ሰባት ቁጥር ሄደች።